መሐል መንገድ የማይረግጡት እትዬ ደብሪቱ

እትዬ ደብሪቱ ማረፋቸውን የነገረኝ ልጃቸው ሙሉጌታ ነው፤ በሥራ ቦታዬ ስልክ ደውሎ። አላለቀሰም። «ገኒ፣ እማዬ አረፈች» አለና፣ «ወደ አገር ነው የምልካት። ከእህቴ አጠገብ ነው የምትተኛው። ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ሐውልቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለኝ። እግዚአብሔር ያጽናህ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የምገፋውን የምሳ ጋሪ ኮሪደሩ ላይ ትቼ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። በሲያትልና በዙሪያዋ ካለው ሐበሻ ሁሉ፣ እህቱ እዚያ ሐውልት ሥር እንደሌለች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እትዬ ደብሪቱን ያወቅኳቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለች ፌደራል ዌይ በምትባል ከተማ፣ ሄለን የምትባል አሮጊት ፈረንጅ ቤት ነው። ሄለን ከወንበር ተነስታ መራመድ አትችልም። እኔ እሷን በመንከባከብ የጠዋቱን ሺፍት እሠራለሁ፣ እሳቸው የከሰዓቱን። በሕጉ ከሆነ እሳቸው ሲገቡ እኔ መውጣት ነበረብኝ፤ ግን እንግሊዝኛ አያውቁም፣ እኔም ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረኝም፣ ስለዚህ አስተርጓሚ ሆኜ እቆያለሁ። ለዚህ ማንም አልከፈለኝም። ቢከፍሉኝ ኖሮማ ያን ያህል አልቆይም ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው በንቅሳት የተከበበ ጎንደሬ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ያኔ ነው መፍራት። አውቶቡስ ሲሳፈሩ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ያስራሉ፣ ወንዝ የሚሻገሩ ይመስል። ከሱቅ ስንወጣ የያዝኩትን ፌስታል ይነጥቁኝና ከግራው ወደ ቀኙ እየቀያየሩ ያመዛዝኑታል። «ጭነት ካልተመዛዘነ ጀርባ ይልጣል» ይላሉ። «እትዬ፣ እኔ እኮ በቅሎ አይደለሁም» ስላቸው፣ «በቅሎ ብትሆኚማ ይኸን ያህል አትነጫነጪም» ብለው ዝም ያሰኙኛል።

ሌላም አመል ነበራቸው። መሐል መንገድ አይረግጡም። የእግረኛ መንገዱ ምንም ሰፊ ቢሆን ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት፤ ፓርክ ውስጥ ደግሞ መንገዱን ትተው ሣሩን ይይዛሉ፤ በሲያትል ዝናብ ጫማቸው እስኪበሰብስ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሴቶቹ ይቀልዱባቸዋል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ መሐሉን ለማን ትተውለት ነው?»

«ለባለቤቱ» ይላሉ፤ ፊታቸው ሳይፈታ። ሁሉም ትሕትና ይመስለውና ይስቃል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

አባታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ በቅሎና አህያ ጭነው ወራት የሚፈጅ መንገድ እየተጓዙ ገበያን ከገበያ የሚያገናኙ። መንገዳቸው ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ፣ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ፣ ሱዳን ይገባል። ሲወርዱ ቡና፣ ሰም፣ በበሬ ቀንድ የታሸገ የጥርኝ ዝባድ ይጭናሉ፤ ሲመለሱ አቡጀዲ፣ ዶቃና ሽቶ። ብቻውን የሚሄድ የለም። ነጋዴው ተሰባስቦ አለቃ ይመርጣል፤ የት እንደሚታደር፣ የት ውሃ እንደሚቀዳ፣ ኬላ ላይ ማን እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ነው። እትዬ ደብሪቱ በልጅነታቸው አባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ይኸን ሁሉ ሲሰሙ አድገዋል። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት ማደሪያ ነው» ይሉኝ ነበር። ከጎንደር እስከ መተማ ያሉትን ማደሪያዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይወጡታል።

ከሄለን ጋር ያወዳጃቸውም ይኸው መንገድ ነው። የሄለን ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው በላይ፣ አንድ ወፍራም የእንጨት ነገር ተሰቅሎ ነበር። እኔ ሁልጊዜ አቧራውን እጠርግለታለሁ እንጂ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ደብሪቱ ገና የመጀመሪያ ቀናቸው ቀና ብለው አዩትና፣ «ቀንበር ነው። ይቺ ሴትዮ ባላገር ናት» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ሄለን ደስ ብሏት ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። በእንግሊዝኛ አንቱ የለምና እኔ ይቺን እናቴ የምትሆን ሴት አንቺ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ እትዬ ደብሪቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «እመት ሄለን» አሏት።

ቀንበሩ የወንድ አያቷ ነበር። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ከሚዙሪ ተነስቶ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ ሳንታ ፌ የሚባል ገበያ ይሄድ ነበር፤ በሸራ በተሸፈነ፣ በሬና በቅሎ በሚጎትተው ትልቅ ጋሪ። ጨርቅ፣ መርፌ፣ የብረት ዕቃ ይዞ ይሄዳል፤ ብር፣ ሱፍና በቅሎ ይዞ ይመለሳል። እነሱም ብቻቸውን አይሄዱም፤ ጋሪ በጋሪ ተከታትለው፣ አለቃ መርጠው ነው። ሲመሽ ጋሪዎቹን አጥር አድርገው ከብቱን መሐል ያስገባሉ። ውሃ የሌለበት ሜዳ አለ፤ በሬው ምላሱን አውጥቶ የሚወድቅበት። በኋላ ባቡር መጣና መንገዱ ሞተ። የጋሪዎቹ ጎማ የቆፈረው ፈር ግን እስከ ዛሬ ሣሩ መሐል ይታያል አለች ሄለን።

«የኛንም የገደለው ካሚዮን ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «አለቃቸውን ምን ይሉታል በያት።»

«ካፒቴን» አለች።

«ነጋድራስ ነው እንግዲህ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጉዳዩ ያለቀለት ያህል።

ከዚያ ወዲህ የኔ ሥራ የሁለት አሮጊቶች ፉክክር መተርጎም ሆነ። ሄለን ስለ ውሃ ጥም ስታወራ እትዬ ደብሪቱ ወባን ያመጣሉ። ሄለን ስለ ተኩላ ስታወራ እሳቸው ስለ ጅብ። ስንት ጋሪ ነበራችሁ ብላ ጠየቀቻቸው አንዴ፤ «ገደል ላይ ጋሪ ምን ይሠራል? ሜዳ ላይ ጋሪ መንዳትማ ማንም ይነዳል» ብለው መለሱላት። እንዳለ ተረጎምኩት። ሄለን ይኸን ሰምታ ተሸንፌአለሁ አለች። ሁለቱ ሲስቁ አይቼ የማላውቀው ዓይነት ቅናት ተሰማኝ፤ እኔ የአያቴን መንገድ ቀርቶ የአያቴን ስም በቅጡ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሄለን ስለ ሴት አያቷ አነሳች። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ያን መንገድ አንድ ጊዜ ሄዳለች፤ ሕፃን ታቅፋ። ሕፃኑ ሜዳው መሐል በተቅማጥ ሞተ። ዳር ላይ ቢቀብሩት ተኩላ ያወጣዋል። ስለዚህ መሐል መንገዱን ቆፍረው ቀበሩትና ጋሪዎቹ በሙሉ ተራ በተራ በላዩ አለፉበት። መሬቱ ተደመደመ፤ መቃብር መሆኑ ጠፋ። «አያቴ ጋሪው ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ተኝታ ነበር» አለች ሄለን። «ጎማው ለስላሳ አፈር ሲረግጥ ግን ታውቋታል።»

እኔና እትዬ ደብሪቱ አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሳቸው፣ ሌላውን እኔ። ተርጉሜ ስጨርስ አንሶላውን እንደያዙ ቆሙ።

«ማን ቀድሞ አለፈ? ጠይቂልኝ።»

ሄለን አታውቅም። የካፒቴኑ ጋሪ ይሆናል አለች።

«የኛ ሕግ እንደዚያ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ቀንሷል። «ቆላ ላይ ሰው ሲሞት እኛም ጅብ እንዳያወጣው መሐል መንገድ ነው የምንቀብር፤ አባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ። ከብቱም ሰውም በላዩ ያልፋል። ግን ሥጋ ዘመዱ ካልቀደመ ማንም አይረግጠውም። የልጅ ከሆነ እናት ናት የምትቀድም።»

ይኸንንም ተረጎምኩ፤ የአባታቸው ወሬ መስሎኝ። ከዚያ ቀጠሉ። ሳላስበው እኔም እየሰማሁ በእንግሊዝኛ እከተላቸው ጀመር፤ ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው ራሴ እንደሆንኩ የገባኝ ካለቀ በኋላ ነው።

በደርግ ጊዜ ባላቸው ታስረው ተገደሉ። እሳቸው ሁለት ልጅ ይዘው ወደ ሱዳን ከሚሰደድ ሰው ጋር ወጡ፤ ሙሉጌታና ታናሽ እህቱ ብርቄ። መንገድ መሪው ጭልጋን አልፈው ቆላ ሲጀምር ጥሏቸው ተመለሰ። ሰው ተደናገጠ፤ ማልቀስም ጀመረ። እትዬ ደብሪቱ ተነሱና አባታቸው ሲናገሯቸው የነበሩትን ማደሪያዎች አንድ በአንድ እየፈለጉ መምራት ያዙ። ውሃውን ባሉበት ቦታ አገኙት። ሰዉ ነጋድራስ ይላቸው ጀመር። ከዚያ ሁለቱም ልጆች በወባ ወደቁ። የነበረችው በቅሎ አንዲት ናት። ሙሉጌታ እየቃዠ በበቅሎዋ ላይ ታሰረ፤ ብርቄን እናቷ አዘለች።

«ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘች» አሉ።

ይኸን ለሄለን ሁለት ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

«ዳር ብንቀብራት አዲስ አፈሩን ወታደር ያየዋል፤ ሰው እንዳለፈ ያውቅና ይከተለናል። ጅቡም አለ። መሐል መንገድ አስቆፈርኩ። ሰዉ ግን ቆመ፤ ማን ይርገጣት? ጫማዬን አወለቅሁና በባዶ እግሬ አለፍኩባት። ከዚያ ተከተሉኝ፤ ሰዉም በቅሎዋም። ነጋድራስ አይደለሁ።»

«አያቴ እንኳ ጋሪ ነበራት» አለች ሄለን።

አንሶላውን አጥፈን ጨረስን። ሌላ ምን ይደረጋል። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስሄድ ሳላውቀው ዳር ዳሩን እሄድ ነበር።

ሙሉጌታ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ራሱን ሲያውቅ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እህቱ ነው። «ኪዳነ ምሕረት ተቀብራለች» አሉት እናቱ፤ የአባታቸው ጓደኞች ጭነት ያራግፉባት የነበረች፣ ከመንገዱ ብዙም የማትርቅ ደብር ናት። ቄስ ፈትቷታል፣ በነጠላ ተገንዛለች አሉት። «ልጅ ነው፤ ደግሞ በሞት አፋፍ ነው። ሲድን እነግረዋለሁ ብዬ ነበር» አሉኝ። «ዳነ። አደገ። ውሸቱም አብሮት አደገ።» ስም የሌለው ቦታ ነግረውት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ሲዋሹ እንኳ ማደሪያውን በስሙ ይጠራሉ።

ይንገሩት አልኳቸው፤ ደጋግሜ። «ሆድ ይፍጀው» ይሉኛል። ሙሉጌታ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ያለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ትንሽ ግትር ልጅ ነው። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ሐሳቡ ሁሉ አንድ ሆነ፤ የእህቴን መቃብር ሐውልት አቆማለሁ። እናቱ መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ቆላው ይገድልሃል፣ ይቆይ አሉት። «እማዬ፣ አሁን መኪና ይገባል እኮ» ይላቸዋል። በመጨረሻ ቁርጥ አድርገው ሊነግሩት የተቀመጡ ቀን፣ እሱ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ገባና ሶፋው ላይ ፈታው። እብነ በረድ ነው፤ መስቀልና የብርቄ ስም ተቀርጾበታል። «ስሟ ነው አለኝ። ፊደል አልለይም፤ በጣቴ ዳሰስኩት። አፌ ተዘጋ» አሉኝ በማግስቱ።

ሄዶ ሲመለስ እናቱን ሊወስድ በዚያው ሄለን ቤት መጣ፤ ፎቶ ይዞ። አንዲት ትንሽ መቃብር፣ እራስጌዋ ላይ ያ እብነ በረድ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው ያሳዩት፤ በስደቱ ጊዜ ብዙ ሕፃን እዚህ ተቀብሯል፣ ያንተ እህት ይቺ ናት ብለው። አዝነውለት ይሁን ተሳስተው እግዜር ይወቀው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት እናቱ። «መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፍ?»

«በድሮው ነው፣ እማዬ። ዶዘር አስፍቶታል። በጣም አሪፍ ሆኗል፤ ሽው ብለን ነው የደረስነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ መኪናውን ሊያሞቅ ሲወጣ የወጥ ቤቱን ማጠቢያ ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ፎቶውን አንስተው፣ «የማን ልጅ ትሆን?» አሉኝ። እኔ የማለቅሰው ለብርቄ ነበር፤ እሳቸው ያሰቡት ሐውልቱ ሥር የተኛችውን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሄለን ሞተች፤ ያን ከሰዓት በኋላ የምናውቅ ሁለት ቀረን። እትዬ ደብሪቱም ሆዳቸውን ያዛቸው፤ ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው ዘጉት። ሆስፒታል እየሄድኩ ፀጉራቸውን አበጥርላቸዋለሁ፤ እሳቸው መንገድ ያወራሉ፤ ማደሪያ፣ ውሃ፣ ማደሪያ። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ ካልነገሩት ወደዚያ ነው የሚልክዎ። ከማያውቋት ልጅ አጠገብ ነው የሚተኙት።»

«ይላከኝ።»

«ውሸት ላይ እኮ ነው የሚቀበሩት።»

«ብነግረውስ? አስፋልት ሊቆፍር ነው? ወይስ ያለቀሰበትን ሊያፈርስ?» ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ማበጠሪያውን ሳስቀምጥ፣ «ያቺንም ልጅ በድለናታል» አሉ። «ስሟን ወሰድንባት። ስደተኛ ጥሏት ያለፈ ትሆናለች፤ እናቷ የት እንደገባች ማን ያውቃል። ስሟን ወስደን ዝም ከምንል እናት ልሁናት። አንቺም ሆድሽ ይቻለው።»

ሆዴ ቻለው። ካረፉ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ ሰው ሁሉ ሙሉጌታን ለመነው። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ መሬት ሁሉ የእግዚአብሔር ናት፤ እዚሁ አሳርፋቸው፤ ልጆችህም መቃብራቸውን ይወቁ» አሉት። መልካም ንግግር ነበር። እሱ ግን ተነስቶ፣ «እህቴን ብቻዋን ትታት ነው የመጣችው። አሁን ትሂድላት» አለ። ሴቶቹ አለቀሱ። ወደ እኔ ዞር ብሎ ሲያይ ራሴን ነቀነቅኩለት።

ቀብሮ ሲመለስ ቤቴ መጣ። ከስቷል፤ ፀሐዩ ፊቱን አጥቁሮታል። በዚያው መንገድ ነው የሄዳችሁት ስለው አዎ አለኝ፤ ሬሳው በአይሱዙ ተጭኖ፣ እሱ ጋቢና ተቀምጦ። ስለ መንገዱ ሌላ አልጠየቅኩትም። ሁሉም በደንብ እንዳለቀ፣ ያኔ መቃብሯን ያሳዩት ሽማግሌ ቄስ ማረፋቸውን፣ አዲሱ ቄስ ጥሩ ሰው መሆናቸውን ነገረኝ።

«አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች» አለኝ ከዚያ። «ከኔ በላይ አለቀሰች። ጉድጓዱ ሲቆፈር ትንሿ መቃብር ላይ ተደፍታ አልነሳም አለች። ማናት ስላቸው ቄሱ፣ ልጅ የሞተባት ናት፣ ይቺን መቃብር ከዱሮ ጀምሮ የምትጠርጋት እሷ ናት፣ ሐውልቱ ከቆመ ወዲህ ግን አፍራ ነው መሰለኝ በሩቁ ነው የምትቀመጠው አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ገኒ። ያ ሁሉ ዓመት እህቴ ጠባቂ ነበራት ማለት ነው። ሄጄ አነሳኋትና ስለ እህቴ አመሰገንኳት። የእማዬን ነጠላ ሰጠኋት።»

እትዬ ደብሪቱ «እናቷ የት እንደገባች ማን ያውቃል» ያሉኝ ትዝ አለኝ። «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ምንም። እጄን ሳመችና ሄደች።»

እንባው መጣ፤ ስልክ ሲደውልልኝ ያላለቀሰውን ያኔ አለቀሰ።

«ደግ አደረግህ» አልኩት።